በመሥመር መሐል ያለ ዜማ

ስለ አገራችን ዜማ ታሪክ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚነሣው የቅዱስ ያሬድ ስም ነው፤ ቀጥሎ ሦስቱ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይቆጠራሉ፤ ከዚያም ስለ ከበሮው፣ ስለ ጽናጽሉና ስለ መቋሚያው ይወራል። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ዜማው በገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በሁለት መሥመር መካከል ምን ያህል ክፍት ቦታ እንደሚተው፣ ምልክቱ በየትኛው ፊደል አናት ላይ እንደሚውል የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። «ይሄማ የጸሐፊ ጣጣ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይደለም» የሚልም አይጠፋም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ የታሪክ ጉዳይ መሆኑን ማሳየት ነው። ዜማችን የተጻፈው በመሥመሩ ላይ ሳይሆን በመሥመሮቹ መሐል ነው። ስለዚህ አዲስ የመጻፊያ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «ፊደላችንን ይጽፋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «በመሥመር መሐል ቦታ ይሰጣል ወይ?» ተብሎም መጠየቅ አለበት። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ በቀረ ጊዜ ሁሉ ቃሉ ተርፎ ዜማው ከገጹ ወድቋል።

፩. ቁም ጸሐፊው አስቀድሞ ያሰበው

ከብራናው እንነሣ። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆና በልኩ ተቆርጦ ካበቃ በኋላ ቁም ጸሐፊው ወዲያው ብርዑን አያነሣም። መጀመሪያ ጠርዙን በወስፌ እየወጋ ነጥብ ያወጣል፤ ከነጥብ እስከ ነጥብ ደግሞ ቀለም በሌለው ጫፍ እየጫረ ያሰምራል። በጥንት መጻሕፍቶቻችን ጠርዝ ላይ ዛሬም ድረስ የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የዚህ ሥራ ምስክሮች ናቸው። ገጹ ስንት ዓምድ፣ ዓምዱ ስንት መሥመር፣ መሥመሩ ከመሥመር ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚወሰነው እንግዲህ አንድም ፊደል ሳይጻፍ ነው።

መጽሐፉ ዳዊት ወይም ወንጌል ከሆነ በመሥመሮቹ መካከል የሚያስፈልገው ለዓይን የሚበቃ ክፍተት ብቻ ነው። ድጓ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ድጓ ሁለት ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ የተሸከመ መጽሐፍ ነው፤ ቃሉ በወፈር ባለ ፊደል በመሥመሩ ላይ ይውላል፤ የዜማው ምልክት ደግሞ በቀጭን ብርዕ በቃሉ አናት ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛው ጽሑፍ ገና ሳይጻፍ ቦታው ተለክቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ቦታው ካልተተወለት ኋላ ከየትም አይመጣም፤ ብራና እንደሆነ አይለጠጥ!

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የነጥብ፣ የጭረትና የቅርጽ ምልክቶች ሲሆኑ ዋነኞቹ ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ። ድርስና አንብር ሲጨመሩባቸው አሥር ይሆናሉ። ሁለተኛዎቹ ከፊደል የተሠሩ ናቸው። ይኸውም ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ዜማ ውስጥ አንድ ቃል ይወሰድና በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ፊደል አሳጥሮ በአዲሱ ቃል አናት ላይ ይጻፋል። ትርጉሙ «ያንን እንደምትለው አድርገህ ይህንንም በል» ነው። እንዲህ ያሉት የፊደል ምልክቶች ከአምስት መቶ በላይ መሆናቸውን ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሳተሟቸው ሥራዎች አሳይተዋል።

ልብ በል፤ ይህ ምልክት እንደ ፈረንጁ ኖታ ድምፁ ምን ያህል ከፍ፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል አይነግርም። የሚያደርገው ማስታወስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ያለው በቅርጹ ብቻ ሳይሆን በአቀማመጡም ነው። ሁለት ፊደል ወደ ቀኝ ቢገፋ ርክርኩ ሊረከረክ በማይገባው ቃል ላይ ይወድቃል። በሌላ ጽሑፍ ሁለት ፊደል ያህል መንሸራተት መልክ ማበላሸት ነው፤ በድጓ ላይ ግን ዜማ መለወጥ ነው።

ምልክቱ መቼ ተጀመረ? ትውፊቱና ዜና መዋዕሉ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) የነበሩትን አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ያነሣል። ከዚያ በፊት የተጻፉት የዜማ መጻሕፍት ቃሉን እንጂ ምልክቱን አልያዙም፤ ምልክት ያለባቸው ብራናዎች የሚታዩት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ዘመኑን እናስታውስ። ገላውዴዎስ የነገሠው የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩን ባመሰበት ጊዜ ነው። ገዳማት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ መምህራን አልቀዋል ወይም ተበታትነዋል። ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ብቻ በሚሄድበት አገር መምህሩ ሲሞት የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ሰዓት «ቢያንስ ማስታወሻው በገጽ ላይ ይቅር» የሚል ሐሳብ ቢወለድ አያስገርምም። በመሥመሮቹ መሐል የተከፈተው ያ ስስ ክፍተት የአደጋ ጊዜ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ክፍተቱ ሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ በትምህርት ቤት ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ደብር፣ በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም፣ በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከእሱም ሌላ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ይትበሃል አለ። በቆየው ሥርዓት የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል። ይሄ ድሃ ተማሪ መጽሐፍ መግዣ ስላጣ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ምልክቱን በቦታው ሲያስቀምጥ እጁ ይማራል፤ ዜማው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጣቱም ይገባል። የገጽ አቀማመጥ ራሱ ትምህርት ነበረ እንጂ ከትምህርት በኋላ የሚመጣ ጌጥ አልነበረም።

፪. ብረቱ ፊደል ሲመጣ

አሁን ወደ አውሮጳ ዞር ብለን እንመለስ፤ ሦስት ዓመተ ምሕረቶችን አጠገብ ላጠገብ ማስቀመጥ ይጠቅመናልና። እ.ኤ.አ. በ1501 ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በቬኒስ ከተማ የብዙ ድምፅ ሙዚቃን በተንቀሳቃሽ የብረት ፊደል አትሞ አወጣ። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ከ1540 በኋላ ደግሞ በአገራችን ምልክቱ በብራና ላይ መታየት ጀመረ። ሦስቱም በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የተፈጸሙ ናቸው።

የፔትሩቺን ዘዴ ማወቅ ለእኛ ትምህርት ነው። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ወረቀቱ በማተሚያው ሥር ሦስት ጊዜ ያልፍ ነበር፦ አንዴ አምስቱ መሥመሮች፣ አንዴ ኖታው፣ አንዴ ደግሞ ቃሉ ይታተማሉ። ወረቀቱ በአንዱ ዙር ትንሽ ከተንሸራተተ ኖታው ከመሥመሩ ይስታል፤ ድምፁም ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሰውዬው ድካሙን ሁሉ ያፈሰሰው ሦስቱን ንብርብር አንዱን ባንዱ ላይ በልክ በማዋል ላይ ነበረ። የእኛም ቁም ጸሐፊ ሁለት ንብርብር በአንድ ገጽ ላይ ያስማማ ነበር። ችግሩ አንድ ነው፤ መሣሪያው ግን የተለያየ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የአውሮጳ ማተሚያ ከጅምሩ ለሙዚቃ ተብሎ ተሻሻለ። የግዕዝ ማተሚያ ግን የተቀረጸው ለቃል ነበር። የብረት ፊደል በሣጥኑ ተደርድሮ አንዱ መሥመር በሌላው ላይ ሲጫን በመሐል ለቀጭኑ ምልክት የተዘጋጀ ቦታ የለም። የጽሕፈት መኪናው ሲመጣም ያው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን ፊደል በታይፕ ላይ ለማዋል የደከሙትን ድካም ታሪክ አይረሳውም፤ ሆኖም ታይፕ በተፈጥሮው የደብዳቤ መሣሪያ ነው፤ የሚያውቀው አንድ መሥመር ነው።

ታዲያ የዜማ መጻሕፍት እንዴት ታተሙ? ከታተሙት መካከል በቁም ጸሐፊ እጅ ተጽፈው፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው የወጡ አሉ። ማለትም ማተሚያው ያልቻለውን እጅ ሠራው፤ ማተሚያው የእጁን ሥራ አባዛ። በስቴንስል የሚባዛ ጽሑፍም ይህን ጸጋ ያውቀዋል፤ ቃሉ በታይፕ ከተመታ በኋላ በሰም ወረቀቱ ላይ በሹል ብረት የፈለጉትን ምልክት መጫር ይቻላልና። ኋላ ቀር የሚመስለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ከዘመናዊው ይልቅ ለእጅ ቦታ ይሰጣል።

፫. አምስቱ መሥመርና የእኛ ፊደል

ሁለተኛው የዜማ አጻጻፍ፣ ማለት ባለ አምስት መሥመሩ ኖታ፣ በአገራችን ሥር የሰደደው በመዲናይቱ የሙዚቃ ጓዶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት እነዚሁ ናቸው። በ1930 በንግሥ በዓሉ የተሰማው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የናልባንዲያን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ኋላም በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት ሥራውን የጀመረውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህንን አጻጻፍ በስፋት አስተማረ።

እዚህ ላይ አዲስ የአቀማመጥ ችግር ተወለደ። በድጓ ቃሉ ጌታ ነው፤ ምልክቱ ይከተለዋል። በአምስቱ መሥመር ግን ኖታው ጌታ ነው፤ ቃሉ ከሥሩ ይጎተታል። የኖታ አቀማመጥ የራሱ ሕግ አለው። ሁለት እጥፍ የሚረዝም ኖታ በገጹ ላይ ሁለት እጥፍ ቦታ አይሰጠውም፤ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበቃዋል። አለዚያ ረጃጅሙ ኖታ ገጹን ሁሉ ይበላና አጫጭሮቹ ይጨናነቃሉ። ዓይን ጊዜን የሚያነበው በመለኪያ ሳይሆን በንጽጽር ነውና። ቃል ከሥር ሲገባ ግን ይህ ሕግ ይናጋል፤ ቃሉ ሰፊ ከሆነ ኖታውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ይህን በለገጣፎ ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ለገጣፎ ለገዳዲ እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች አንዷ ናት፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሁሉም በአንድ ላይ ተጠቃለሉ። እዚህ አንድ የመዘምራን ቡድን በአንድ ቀን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘምራል፤ አማርኛው በፊደላችን፣ አፋን ኦሮሞው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው በቁቤ ይጻፋል። ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ኖታ ሥር ሲውሉ ጠባያቸው ለየቅል ነው። «ገላቶሚ» የሚለው ቃል በቁቤ ዘጠኝ ፊደል ይፈጃል፤ በዜማ ግን አራት ክፍለ ቃል ነው። «አመሰግናለሁ» ሰባት ፊደል ነው፤ ሲባልም ሰባት ክፍለ ቃል ይሆናል፤ «ግ» ሳድስ ቢሆንም ይሰማልና። «ምድር» ሦስት ሳድስ ነው፤ ሆኖም «ም» ብቻውን አንድ ኖታ ይይዝና «ድር» በአንድ ላይ ሁለተኛውን ይይዛል። የፊደል ገበታችን አንድ ፊደል ለአንድ ኖታ የሚያድል ይመስላል እንጂ ሳድሱ ያታልላል። የትኛው ሳድስ እንደሚሰማ፣ የትኛው እንደሚዋጥ መሣሪያው አያውቅም፤ የሚያውቀው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ነው።

የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌሮቹ፣ እነ ሲቤሊየስ፣ ሚውዝስኮርና ዶሪኮ፣ ብዙ ይረዳሉ። የኖታውን ክፍተት ራሳቸው ያሰላሉ። ሆኖም ልካቸው የተቆረጠው ለላቲን ፊደል ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አብዛኞቹ አጫጭር በመሆናቸው በሁለት አዝማች መሥመሮች መካከል ጠበብ ያለ ቦታ ይበቃቸዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር የለውም፤ ሁሉም ቁመቱ ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ልክ ሲጻፍ አንደኛው ስንኝ በሁለተኛው ላይ የተሳፈረ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የአማርኛ ፎንት በስሙ መምረጥ፣ የቃሉን መጠን ከኖታው ጋር ማመጣጠን (አምስቱ መሥመር በተለመደው ልክ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው)፣ የስንኞቹን ርቀት ከፍ ማድረግ፣ ገጹንም ስንኙ በሚያርፍበት ቦታ መስበር ነው። አንድ ስንኝ ተቆርጦ ግማሹ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ከወደቀ ዘማሪው ትንፋሹን የሚወስደው ገጽ ለመግለጥ እንጂ ለዜማው አይሆንም።

፬. አሥሩ ምልክቶች በኮምፒውተር

ወደ ራሳችን ምልክት እንመለስ፤ የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። የዜማ ምልክቶቹ ደግሞ በ2005 በ4.1 እትም ተጨመሩ። አሥር ምልክቶች ከ1390 እስከ 1399 ባለው ቁጥር ተመዝግበዋል። የሚያስደስት ነገር ነው! በገላውዴዎስ ዘመን ብራና ላይ የወጣው ርክርክ ዛሬ በማንኛውም ኮምፒውተር ቋሚ ቁጥር አለው።

ነገር ግን አመዘጋገቡን በጥንቃቄ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ምልክቶቹ የተመዘገቡት በፊደል አናት ላይ እንደሚለጠፍ ምልክት ሳይሆን፣ እንደማንኛውም ፊደል በመሥመሩ ውስጥ የራሳቸውን ቦታ እንደሚይዙ ሆነው ነው። መዝገቡ ራሱ ምልክቶቹ በመሥመሮች መካከል የሚውሉ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ በቦታቸው የማስቀመጡን ሥራ ለሌላ የአቀማመጥ መሣሪያ ይተወዋል። ውሳኔው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ቃል አናት ላይ ምልክትም፣ ሁለት ሦስት ፊደልም ሊደራረብ ስለሚችል ጉዳዩ የፊደል ሳይሆን የገጽ ነው። ባጭሩ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ሰጠን እንጂ በመሥመር መሐል ያለውን ቦታ አልሰጠንም።

ውጤቱን በለገጣፎ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አይቻለሁ። ጸሐፊዋ ለበዓል የሚባል ወረብ ትመታለች። ቃሉን በአንድ መሥመር ጻፈች፤ ምልክቱን በላዩ ባለው ሌላ መሥመር ላይ ስፔስ እየመታች እየገፋች በየፊደሉ አናት አዋለችው። በትዕግሥት የተሠራ ነበር፤ ያማረም ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ይበዛል ተብሎ የፊደሉ መጠን ከ14 ወደ 12 ወረደ። የላይኛው መሥመር ባዶ ቦታና የታችኛው ፊደላት እኩል አልጠበቡም፤ ድፋቱ ከቃሉ አልፎ ሄደ፣ ይዘቱ በሁለት ቃላት መሐል ቀረ። ወረቀቱን ሊወስዱ ከመጡት አንዱ «በቃ ምልክቱን አጥፊው፣ በቃላችን እናውቀዋለን» አለ። ጠፋ። ወረቀቱም ያለ ምልክት ተባዛ።

«በቃላችን እናውቀዋለን» እውነት ነው፤ ለዚያ ሰው። ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ግን እውነት ላይሆን ይችላል። እንደ ለገጣፎ ባሉ ከተሞች ነዋሪው ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው፤ የጋይንቱ መሪጌታና ትናንት ከመሐል አዲስ አበባ የመጣው ወጣት በአንድ ቅኔ ማኅሌት ይቆማሉ። ወጣቱ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም፤ የሚይዘው ያንን አንድ ወረቀት ወይም በስልኩ የተላከለትን ፎቶ ነው። ቃሉን ያገኛል፣ ምልክቱን አያገኝም። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ምልክቱን ያበጁት ጦርነት የመምህርና የደቀ መዝሙርን ሰንሰለት ስለበጠሰ ከሆነ፣ ዛሬ ያለ ጦርነት፣ በስፔስ ብቻ፣ ያው ሰንሰለት ሲላላ ዝም ብለን ማየት አለብን?

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ጃፓኖች በፊደላቸው አናት ላይ ንባቡን በትንንሽ ፊደል ይጽፋሉ፤ ለዚህም «ሩቢ» የሚባል የአቀማመጥ ዘዴ በጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌሮችና በኢንተርኔት ገጾች ውስጥ ገብቷል። የዚህ ዘዴ ቁም ነገሩ የላዩ ጽሑፍ ከታችኛው ፊደል ጋር መታሰሩ ነው፤ ፊደሉ ቢሰፋ፣ ቢጠብ፣ ወደ ሌላ መሥመር ቢወርድ ምልክቱ አብሮት ይሄዳል። ለምልክታችን የሚያስፈልገውም ልክ ይኸው ነው። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ቢኖር እንኳ ሠንጠረዥ አውጥቶ ምልክቱን ከላይ፣ ቃሉን ከታች በአንድ ሣጥን ማሰር ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን የመሥመሩን ርቀት መወሰን ነው፤ ልክ እንደ ቁም ጸሐፊው፣ አንድም ፊደል ሳይጻፍ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ሶፍትዌርም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የወጣውና ስንቱ ሙዚቀኛ የኖረበት ፊናሌ በ2024 ሥራው እንደቆመ በባለቤቶቹ ተነገረ። የአንዱ መሣሪያ ሎሌ ሆኖ የተማረ ሰው መሣሪያው ሲሞት ሙያውም ይሞትበታል። የአቀማመጥን ምክንያት የተማረ ግን መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ሙያውን ይዞት ይሻገራል። ወስፌው፣ የብረት ፊደሉ፣ ስቴንስሉና ኮምፒውተሩ ተራ በተራ መጥተዋል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ሁለተኛው ጽሑፍ የት ይቀመጥ?

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች፣ የሙዚቃ ተማሪዎች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎችና የአብነት መምህራን ባንድ ላይ የሚቀመጡበት ምክንያት አለ። መሪጌታው የትኛው ምልክት በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚውል ያውቃል፤ ባለሙያው እንዴት እንደሚታሰር ያውቃል፤ በመሐል ያለነው እኛ ሁለቱን ማነጋገር እንችላለን። አባቶቻችን ብራና ውድ በሆነበት ዘመን፣ ለዜማው ብለው በመሥመሮች መሐል ቦታ ትተዋል። እኛ ወረቀት በረከሰበትና የኮምፒውተር ገጽ በነፃ በሚገኝበት ዘመን ያችን ክፍተት ከነፈግነው፣ የጎደለን ቦታ ሳይሆን አሳቢ ነው።